ከማዶ አቤት ያሉ ስሞች

መካነ ሰላም ባለው የእህል ባንክ መጋዘን ሥራ የጀመርኩ ቀን መጀመሪያ የታዘዝኩት ጆሮዬን ጆንያ ላይ እንድለጥፍ ነው። ያዘዙኝ ጋሽ ተፈራ የሚባሉ የመጋዘኑ ኃላፊ ነበሩ፤ ቁመታቸው አጭር፣ ንግግራቸውም አጭር። እኔ የንብረት ረዳት ተብዬ ተቀጥሬ፣ አዲስ ጋዋን ለብሼ፣ እስክርቢቶ በእጄ ይዤ ነው የቀረብኩት።

«እስክርቢቶሽን ኪስሽ ክተቺና ነይ» አሉኝ። አንድ የስንዴ ክምር አጠገብ አቆሙኝና «አድምጪ» አሉ።

አደመጥኩ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆየት ብሎ ከጆንያው ውስጥ ደረቅ ቅጠል በጣት የሚፈጭ የሚመስል ቀጭን ድምፅ መጣ። አያቋርጥም፤ ከአንድ ቦታም አይደለም የሚመጣው። ፀጉሬ ቆመ፤ ጆሮዬን ቶሎ አነሳሁ።

«ነቀዝ ነው» አሉኝ ጋሽ ተፈራ። «ሲበላ ነው የሰማሽው። ዓይን የሚያየው የተረፈውን ዱቄት ነው፤ ዱቄቱን ስታዪ ነገሩ አልፏል። ጆሮ ግን ቀድሞ ይደርሳል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መጋዘን ጸጥ ያለ ቦታ ነው የሚለኝን ሰው አላምንም። በተለይ የምሳ ሰዓት ጫኝና አውራጆቹ ወጥተው በሩ ሲዘጋ፣ ከክምሩ መሀል የሚሰማውን የሚያውቅ ያውቀዋል። በዚህ አገር ሰው ጂኒ ይፈራል፣ ሩሐኒ ይፈራል። እኔ ሰዓዳ የምፈራው ነቀዝን ነው። እንደዚያ ነበር የማስበው፣ ማዶን እስካውቅ ድረስ።

ሥራው ለማያውቅ ላስረዳ። ባንክ ሲባል ገንዘብ የሚመስለው አለ፤ የእኛ ባንክ የሚያስቀምጠው ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ ነው። መኸር ሲገባ ከደጎሎና ከአካባቢው ይገዛል፣ በእርዳታ የሚመጣም አለ። መኪናው በር ላይ ሲቆም ጫፉ የሾለ ባዶ ቱቦ ይዤ እወጣለሁ፤ መርፌ እንለዋለን። ጆንያው ሆድ ውስጥ ስትወጊው ከመሀሉ እህል ይዞ ይወጣል። አንዷን ፍሬ በጥርስ ነው የምፈትነው፤ ቀጭ ካለች ደርቃለች፣ ከተለመጠች መኪናው ይመለሳል። ነጋዴ በዚህ ስንት ጊዜ ሰድቦኛል። «ጥርስሽ ነው እንዴ መንግሥት?» ያለኝም አለ። አዎ፣ በር ላይ ጥርሴ ነው መንግሥት።

የገባው እህል ከግድግዳ ራቅ ብሎ እንጨት መደብ ላይ ይደረደራል። ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል። ክረምት ሲገባና የገበሬው ጎታ ሲራቆት ደግሞ ወደ ገጠር እንጭናለን። ታዲያ እኛ ለሰው በእጃችን አናድልም። መጋዘን እህል ያውቃል እንጂ ሰው አያውቅም፤ ሰው የሚያውቀው ቅሬ ነው።

ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። ሰው ሲሞት ጠርቶ የሚያሰባስብ፣ የሚቆፍር፣ የሚቀብር፣ ሐዘንተኛውን የሚያበላ ቅሬው ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ቅሬ ነው። እያንዳንዱ ቅሬ ቃሬዛውን፣ ድስቱንና ድንኳኑን የሚያስቀምጥበት ቤት አለው። ባንኩ ከቅሬዎች ጋር ተስማምቶ እህሉን እዚያ ቤት ያስገባል። ቅሬው ዳኛ፣ ቁልፍ ያዥና ሚዛን ያዥ ይመርጣል፤ ቁልፍ ያዡ እስላም ከሆነ ሚዛን ያዡ ክርስቲያን ይሆናል። በዕደላ ቀን ስም እየተጠራ እህል ይሰፈራል።

ከዓመታት በኋላ የመስክ ተቆጣጣሪ ሆንኩና እነዚህን ቤቶች መዞር ሥራዬ ሆነ። ከአይሱዙው ሾፌር ከደሳለኝ ጋር ነበር የምንዞረው። ደሳለኝ እጁ ለመሪ የተፈጠረ፣ ልቡ ግን የጥንቸል የሆነ ሰው ነው፤ ይሄን ሲያነብ ይቆጣኛል፣ ይቆጣ።

አፋፍ የሚባለውን ሰፈር ቅሬ ቤት መጀመሪያ የከፈትኩ ቀን ደንግጬ በሩ ላይ ቀረሁ። ጆንያዎቹን የደረደሩት ቃሬዛው ላይ ነው። ሬሳ የሚሸከሙበት ቃሬዛ ላይ።

«አያ ይመር፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው። አያ ይመር የቅሬው ዳኛ ናቸው፤ ረጅም፣ ጺማቸው የሸበተ፣ ሲቆጡም ሲስቁም ፊታቸው አንድ የሆነ ሽማግሌ።

«ከመሬት አንሱት ብላችሁ ላካችሁብን፤ አነሳነው» አሉኝ። «እንጨት ከየት ይመጣል? ሰው ሲሞት እናወርደዋለን፣ ቀብረን ስንመለስ መልሰን እንጭነዋለን።»

«ሰው ይሄን እህል ይበላዋል?»

«ርኃብ ቃሬዛ አይመርጥም፣ ልጄ።»

መርፌዬን ወጋሁ፣ ፍሬ አኘክሁ፣ ደርቋል። ደህና ክምር ነበር።

አፋፍ እንደ ስሙ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከገደሉ ወዲያ፣ በዓይን ቅርብ በእግር ሩቅ የሆነ አንድ ጉብታ አለ፤ እላዩ ላይ ጥቂት ቤቶች አሉ። ሌላ ስም የለውም፤ ማዶ ነው የሚባለው። ማዶ የአፋፍ ቅሬ አባል ነው። ለቀብር ይጠራሉ፣ ለእህልም ይጠራሉ፤ የሚጠሩትም በአንድ ሰው አፍ ነው፣ በአያ ይመር አፍ።

አጠራሩ እንዲህ ነው። የአፋፍ ሰው እህሉን ሲጨርስ አያ ይመር ገደሉ ጫፍ ላይ ይቆሙና ጋቢያቸውን ከአፋቸው ገለጥ ያደርጋሉ። «የእንድሪስ ቤት!» ብለው ይለቁታል። ከማዶ «አቤት!» ይላል። የመለሰ ቤት ድርሻው ይሰፈራል። የአፋፍ ጎረምሶች እህሉን ተሸክመው ገደሉ ወገብ ላይ ያለች ዋሻ ድረስ ያወርዱታል፤ የማዶ ሰው ወጥቶ ከዋሻው ይወስዳል። በሚቀጥለው ዕደላ ባዶ ጆንያዎቹ ታጥፈው፣ ድንጋይ ተጭኖባቸው እዚያው ይገኛሉ።

ቅሬው ሕግ አለው፤ ተደጋግሞ ተጠርቶ ያልመለሰ ቤት ይሰረዛል። ለተሰረዘ ቤት ደግሞ ቃሬዛ አይወጣም። እዚያ አገር ከመሞት ይልቅ ይሄ ነው የሚፈራው።

እኔ የምሄደው ክረምት ስለሆነ ማዶን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ገደሉ በጉም ይሞላል። ከጉሙ ውስጥ ድምፆቹ ይመጣሉ። እንድሪስ፣ የሽማግሌ ሻካራ ድምፅ። ሽታዬ፣ ቀጭን፣ የልጃገረድ የሚመስል። ከማል፣ ቁጡ። መኮንን፣ መጀመሪያ ጉሮሮውን የሚጠርግ። በመጨረሻ የሚጠራው የዘነቡ ቤት ነው፤ የእሷ መልስ ለእኔ ተሰምቶኝ አያውቅም፣ አያ ይመር ግን ራሳቸውን ነቅንቀው «አለች» ይላሉ። ጆሮዬ ነው ብዬ ተውኩት።

አንድ ነገር ግን ይከነክነኝ ነበር። ድምፆቹ ተራ ይጠብቃሉ። አንዱ ሌላውን አያቋርጥም፣ ልጅ አያለቅስም፣ ውሻ አይጮኽም። ሰው ባለበት ሰፈር ስም ሲጠራ ውሻ እንዴት ዝም ይላል?

አንድ ሐምሌ ጠዋት ከመካነ ሰላም ስንነሳ ደሳለኝ ስልክ እያወራ ነበር። ሲጨርስ «መኮንን ነው» አለኝ። «የማዶው። ደጎሎ ገበያ ጫኝና አውራጅ ሆኗል። ነገ የሚጫን ዕቃ አለ ወይ ብሎ ነው።»

«የማዶው መኮንን ደጎሎ ምን ይሠራል?»

«ከሄደ ቆየ እኮ። ቤተሰቡንም እዚያው ነው ያደረገ።»

አፋፍ ደረስን። የአፋፍ ሰው ድርሻውን ወሰደ። ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ቅሬ ቤቱ በር ድረስ መጥቶ ነበር። አያ ይመር ቆሙ። እንድሪስን ጠሩ፣ መለሰ። ሽታዬን ጠሩ፣ መለሰች። ከማል መለሰ። «የመኮንን ቤት!»

ከጉሙ ውስጥ ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ። «እህህ... አቤት!»

ወትሮ በጥሪ ሰዓት መኪናው ውስጥ የሚተኛው ደሳለኝ ያን ቀን አጠገቤ ቆሞ ነበርና ክንዴን ያዘኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ሰዓዳ፣ የሱ ድምፅ ነው። ጉሮሮውን ሲጠርግ አውቀዋለሁ። እሱ ግን ደጎሎ ነው። ጠዋት አውርቼዋለሁ።»

«ዝም በል» አልኩት። አያ ይመርን ቀና ብዬ አየኋቸው። ሳያዩኝ ወደ ጉሙ እንዳፈጠጡ ዘነቡን ጠሩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «አለች» አሉ።

መካነ ሰላም ተመልሼ ለአቶ ግዛው ነገርኳቸው። አቶ ግዛው የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ግን ነገር አያንዛዙም።

«ማዶን በዓይኑ ያየ ሰው አለ?» አሉኝ።

«ከባንኩ የለም። ድምፅ ነው የምንሰማው።»

«ድምፅ እህል አይበላም፣ ሰዓዳ። ወረፋ የሚጠብቅ ስንት ሰፈር እንዳለ ታውቂያለሽ። በሚቀጥለው ዕደላ ሂጂና ፊታቸውን እዪ። ፊት ከሌለ ማዶ ከዝርዝር ይወጣል።»

ልክ ናቸው። እኔም በሳቸው ቦታ ብሆን ይሄንኑ እል ነበር።

ለአያ ይመር ስነግራቸው ግን ጋቢያቸውን አጣፉና ወደ ገደሉ ዞሩ። ከዚያ «እዚያ ማዶ አንድ ሰው ብቻ እንኳ ቢኖር ቅሬ ያስፈልገዋል» አሉ። «ይሄን ይዘሽ ውረጂ።»

«እርስዎ የሚያውቁት ነገር አለ?»

«እኔ የማውቀው መጥራት ነው።»

እሳቸው እንደ ወትሮው በሰዓቱ እንዲጠሩ ተስማምተን እኔና ደሳለኝ በጠዋት ገደሉን መውረድ ጀመርን። ደሳለኝ በስመ አብ ይላል፣ ቀጥሎ ቢስሚላህ ይላል፣ ቀጥሎ ያንሸራትተዋል። «አንዱን ምረጥ» አልኩት። «የትኛው እንደሚሠራ በምን ይታወቃል» አለኝ።

ዋሻው ውስጥ ባዶ ጆንያዎቹን አገኘናቸው። አንስቼ አየኋቸው። ሁሉም በአንድ ዓይነት ታጥፈዋል፤ የአፋቸው ስፌት ክር ተፈትቶ፣ ተጠቅልሎ፣ እጥፋቱ ውስጥ ገብቷል። እኔ ጆንያ ሲታጠፍ ስንት ዓመት አይቻለሁ፤ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት አያጥፍም። ይሄ የአንድ እጅ ሥራ ነው። ለደሳለኝ አልነገርኩትም፤ ብነግረው ኖሮ ከዚያው ይመለስ ነበር።

ገደሉ ሥር ያለውን ወንዝ ተሻግረን ማዶ ላይ ወጣን። ጉሙ እዚህም አለ። ቤቶቹ አንድ በአንድ ከጉሙ ውስጥ ወጡልን። ጭስ የለም። ዶሮ የለም። በሮቹ ከውጭ በገመድ ታስረዋል። ግቢዎቹ ግን ተጠርገዋል። የሁሉም ቤት ደጃፍ፣ ሰው የሌለበት ቤት ደጃፍ፣ የዛሬ መጥረጊያ ዳና ነበረበት።

አንዱ በር ጋ ቀረብኩ። ከውስጥ የሆነ ነገር ይሰማል። ጆሮዬን ለጠፍኩ። ያ ድምፅ ነው፤ ጋሽ ተፈራ ያሰሙኝ፣ ግን ከጆንያ አልነበረም፣ ከቤቱ ሙሉ ነበር። በጨለማው ውስጥ አንድ ነገር ያለማቋረጥ ያኝካል። ወደ ሁለተኛው ቤት ሄድኩ፣ እዚያም አለ። ወደ ሦስተኛው አልሄድኩም። ነቀዝ መሆኑን አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነው፤ ግን ፈራሁ፣ ወላሂ ፈራሁ። ባዶ ቤት ውስጥ ነቀዝ ምን ይበላል?

ያኔ ከገደሉ ማዶ የአያ ይመር ድምፅ መጣ። «የእንድሪስ ቤት!»

ከአጠገባችን፣ ከቤቱ ጀርባ፣ የሽማግሌ ድምፅ «አቤት!» አለ።

ዞረን ሄድን። አንዲት ሴት ናት። አጥንቷ የሚቆጠር፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች አሮጊት። የእንድሪስን በር መቃን በአንድ እጇ ይዛ ቆማለች። ከዚያ መቃኑን ለቀቀችና ወደሚቀጥለው ቤት ሄደች። የሽታዬ ስም ሲጠራ የሽታዬን በር ይዛ በልጃገረድ ድምፅ መለሰች። የከማልን በር ይዛ ተቆጣች። የመኮንንን በር ስትይዝ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ «እህህ... አቤት!» አለች፤ ከዚያ የቀጠነ ሰውነት እንዲህ ያለ የወንድ ድምፅ ሲወጣ ደሳለኝ መሬት ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ።

በመጨረሻ ወደ አንዲት ጎጆ ሄዳ ቆመች። «የዘነቡ ቤት!» የሚለው መጣ። በራሷ ድምፅ «አቤት» አለች። አቅሟን ጨርሳለች። ከአጠገቧ ቆሜ ለእኔ እንኳ ለትንሽ ነው የተሰማኝ፤ ገደል የሚሻገር ድምፅ አልነበረም። አያ ይመር ይሄን ሊሰሙት አይችሉም። አንድም ቀን ሰምተውት አያውቁም።

ስታየን አልደነገጠችም። ዓይኗን ጨፈን ከፈት አድርጋ «መጣችሁ?» አለች። «ከማን ቤት ናችሁ? ከእንድሪስ ልጆች ናችሁ?»

«አይ እማ ዘነቡ፣ ከእህል ባንክ ነን።»

ፊቷ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋ። «ደህና፤ እንግዲህ ግቡ» አለች።

ነገሩን ጎጆዋ ውስጥ ሆና ነገረችን። በአንድ ክፉ ጊዜ አንዱ ወደ ደሴ፣ አንዱ ወደ ዓረብ አገር፣ አንዱ ወደ ደጎሎ እያለ ማዶ ባዶ ሆነ። ሁሉም ሲሄዱ በእሷ ደጅ ነው ያለፉት። ሁሉም አንድ ነገር አሏት፤ «እማ ዘነቡ፣ ስማችንን አደራ።»

«ስማቸው ከቅሬ ከጠፋ ወደ ማን ይመለሳሉ?» አለችኝ። «ያልመለሰ ይሰረዛል። መለስኩላቸው።»

«እህሉስ?»

ተነስታ የእንድሪስን በር ገመድ ፈታች። ጎታው እስከ አፉ ሞልቷል። ከዋሻው በቁና በቁና እየተሸከመች፣ የእያንዳንዱን ቤት ድርሻ በየቤቱ ጎታ ስትገለብጥ ኖራለች። እጄን ሰደድኩበት፤ ሞቀኝ። ነቀዝ የገባው እህል ይሞቃል። ሰው አሁን የተነሳበት መኝታ ነበር የሚመስለው። በእፍኝ ሳወጣው ግማሹ ዱቄት ሆኖ በጣቶቼ መሀል ወረደ።

«እርስዎ ምን ይበላሉ?» አልኳት።

«የራሴን ድርሻ።»

«አይበቃዎትም እኮ፣ እማ ዘነቡ። ይሄ ሁሉ እህል እያለ?»

«የኔ አይደለማ» አለች፤ የማላውቅ ሕፃን እንደሆንኩ አድርጋ አየችኝ። «አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ። ነቀዝ ይብላው፣ ነቀዝ አደራ በላ አይባልም።»

ትንሽ ቆይታ ጨመረች፤ «ደግሞ ልዋሽሽ አልፈልግም። ለራሴም ነው። ማዶ ብዙ ቤት ሲሆን ቅሬው ይወርዳል። ለአንዲት አሮጊት ብቻ ብሎ ገደል የሚወርድ ማን አለ? ጅብ እንዳይበላኝ ነው።»

ሥራ ላይ አልቅሼ አላውቅም። ያን ቀን አለቀስኩ። ተናደድኩም፤ በሄዱትም፣ በነቀዙም፣ በእሷም። አፋፍ እንውሰድዎት ብንላት አሻፈረኝ አለች። «ደጃቸውን ማን ይጠርግላቸዋል?» አለች።

ማታ አፋፍ ስንደርስ አያ ይመር በር ላይ ተቀምጠው ጠበቁን።

«ያውቁ ነበር» አልኳቸው።

«ጆሮዬ የደነቆረ መስሎሽ ነው?»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርሽ ትጽፊዋለሽ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።»

አቶ ግዛው ጋ ገብቼ ያየሁትን ሁሉ፣ ሳልቀንስ ሳልጨምር ነገርኳቸው። ሲሰሙ ቆይተው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ከነቀዝ የሚተርፍ አለው?» ነው። ጥቂት ይተርፋል አልኩ። «እሷ ከአፋፍ ጋር ትቆጠር፣ ድርሻዋም ይጨመር። የተዘጉት ቤቶች እህል ይቁም» አሉ።

«ስማቸውስ?»

«እህሉ የባንኩ ነው። ስሙ የቅሬው ነው፤ እኛ ምን አገባን?»

ይሄን የተናገሩት ራሳቸው አቶ ግዛው ናቸው፤ ውለታቸውን አልረሳም።

ቅሬው ተሰበሰበ። አንድ ጎልማሳ ተነሳና «ሕጋችን ያልመለሰ ይሰረዝ ነው» አለ። እውነቱን ነው። አያ ይመር ቀስ ብለው ተነሱ። «ማነው ያልመለሰው?» አሉ። «እዚህ ከተቀመጣችሁት ከማዶ አቤት ሲባል ያልሰማ ካለ እጁን ያውጣ።» እጅ የሚያወጣ ጠፋ። ጎልማሳው ራሱ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ተቀመጠ።

የአፋፍ ሰዎች ወርደው ከየጎታው የቀረውን እህል አወጡ፤ አበጥረን፣ ፀሐይ ባገኘን ቀን አስጥተን፣ የየቤቱን ለየብቻ አስረን ቅሬ ቤት አስቀመጥነው። እማ ዘነቡ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስማቸው ይጠራ። አያ ይመርም መጥራታቸውን ቀጠሉ። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ በሌላ ሰው ድምፅ አልመለሰችም። «የእንድሪስ ቤት!» ሲባል ከጉሙ ውስጥ በራሷ ድምፅ «የለም! ይመጣል!» ትላለች። «የሽታዬ ቤት!» «የለችም! ትመጣለች!» የራሷ ስም ሲጠራ ደግሞ «አቤት!» አሁን ይሰማኝ ነበር፤ እየበላች ነዋ።

እንዲህ ሆኖ ቆየ። ከዚያ አንድ ነሐሴ አያ ይመር እንድሪስን ጠሩ፤ ከማዶ ዝም አለ። ሽታዬን ጠሩ፤ ዝም። ሁሉንም ጠሩ። ዘነቡን ደጋግመው ጠሩ፣ ድምፃቸው እስኪሻክር ድረስ። ጉሙ ውስጥ ምንም አልነበረም።

ዞረው ቅሬ ቤት ገቡ። ተከተልኳቸው። ጆንያዎቹን ከቃሬዛው ላይ ማውረድ ጀመሩ። እኔም አንዱን ጫፍ ያዝኩ።

ቅሬው በሙሉ ገደሉን ወረደ። እስላሙም ክርስቲያኑም በየተራ ትከሻውን እየሰጠ አወጣት፤ አፋፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረች። ለአንዲት አሮጊት የሚወርድ ማን አለ ብላ ነበር። ከቤቱ የቀረ ወንድ አልነበረም።

መካነ ሰላም ስንመለስ ደሳለኝ መኪናውን አቁሞ ለመኮንን ደወለ። የሆነውን ሁሉ ነገረው፤ ድምፁን፣ በሩን፣ ጎታውን፣ ቀብሩን። ስልኩ ከወዲያ በኩል ተዘጋ።

ለሚቀጥለው ዕደላ ስንሄድ ማዶ ከእኛ ዝርዝር ወጥቷል። እውነትም ሰው የለበትም። የአፋፍ ሰው ድርሻውን ተቀብሎ ሲጨርስ አያ ይመር ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ወደ ገደሉ ሄዱ።

«አያ ይመር፣ ማዶ እኮ...» አልኩ።

«አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፣ አፌ ለምዷል» አሉ።

«የእንድሪስ ቤት!» ዝም። «የሽታዬ ቤት!» ዝም። «የከማል ቤት!» ጉሙ እግራቸው ሥር ይንከባለላል። «የመኮንን ቤት!»

ጉሮሮ ተጠረገ። «እህህ... አቤት!»

ደሳለኝ የያዘው ሚዛን ከእጁ ወደቀ። የምትመልሰውን ሴት ራሴ አፈር ስትለብስ አይቻለሁ። አያ ይመር በዘንጋቸው ተደግፈው እንደ ምንም ቆሙ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከድንጋጤም ይሁን ከልማድ፣ የመጨረሻዋን ስም ጠሩ።

«የዘነቡ ቤት!»

ዝም አለ። ከዚያ ያው ጉሮሮ ተጠረገና ያው የወንድ ድምፅ፣ ከቅድሙ ከፍ ብሎ «አቤት!» አለ።

ወርደን ተሻገርን። መኮንን ነው። በዋዜማው ነበር የገባው። ቤቱን ከፍቶ የነቀዝ ዱቄት ከጎታው ሥር እየጠረገ አገኘነው፤ የእሷም ደጃፍ ተጠርጎ ነበር። ደሳለኝ እስኪረካ ሰደበውና አቅፎ ሳመው።

«የሷንስ ስም ለምን መለስክ?» አልኩት።

«ስትጠሯት ዝም ልበል?» አለኝና ወደ መጥረጊያው ዞረ።

መኮንን ዛሬ ማዶ ያርሳል፤ ድርሻው ተመልሶ ገብቷል፣ እኔ ነኝ ያስገባሁት። የእንድሪስም ልጅ በቅርብ መጥቶ ቤቱን አይቶ ሄዷል። አያ ይመር አሁንም ሁሉንም ይጠራሉ።

ለአዲስ ሠራተኛ የማስተምረው ሁለት ነገር ነው። እህል ከመጫንህ በፊት ጆንያውን አድምጥ። ስም ከመሰረዝህ በፊት ተሻግረህ በሩን ክፈት። ሌላው በሥራ ላይ ይለመዳል።